አኒሜሽን ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀት ላይ ተጨቃጨቁ

የግሩፕ ሥራ ሲባል ፊቱን የማያጠቁር ተማሪ ጥቂት ነው። አይፈረድበትም። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ ሌላው «ፕሪንት ማስደረጉን ለእኔ ተዉት» ይላል፣ አንዱ ደግሞ የፕረዘንቴሽን ቀን ብቅ ይላል። አጭር አኒሜሽን ፊልም ላይ ግን ይህ አካሄድ አያዋጣም። ሥራው ከመጀመሪያው የተያያዘ ነው። ስክሪፕቱ ካልተቋጨ ስቶሪቦርድ (ታሪኩ በተከታታይ ሥዕል የሚነደፍበት) አይጀመርም፣ ስቶሪቦርዱ ካላለቀ ስንት ባክግራውንድ (የጀርባ ሥዕል) እንደሚያስፈልግ አይታወቅም፣ የካራክተሩ ቁመት ካልተወሰነ ደግሞ የሚገባበትን በር እንኳ መሳል አይቻልም።

ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለ ፕሪ-ፕሮዳክሽን ነው፤ አንድም ነገር ስክሪን ላይ ሳይንቀሳቀስ በፊት ስለሚሠራው ሥራ። የተማሪ ፊልም የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የእኛ ፊልም ስለ አንድ ወያላ ነው። ጠዋት ሲነሳ ድምፁ ጠፍቷል። ቀኑን ሙሉ «ቦሌ! ቦሌ! ቦሌ!» የሚልበት ጉሮሮ እምቢ ብሎታል፣ ታክሲው ግን መሙላት አለበት። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ሦስት ደቂቃ እንዲሆን ነው ያሰብነው። አራት ሆነን ነው የምንሠራው።

መጀመሪያ የተቀመጥነው ለመሳል ሳይሆን ለማስላት ነበር። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። በእጅ የሚስል ሰው ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያቆየው በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃዋል። ሦስት ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው፤ በ12 ሲባዛ 2,160 ሥዕል ይመጣል። ይህ እንግዲህ አንድ ካራክተር ብቻ ሲንቀሳቀስ ነው። እኛ ደግሞ ያሰብነው ጢም ብሎ የሞላ ሚኒባስ ነበር፣ ተሳፋሪው ሁሉ በሂሳብ እየተጨቃጨቀ፣ እጁን እያወራጨ።

ስክሪፕቱን የጻፈችው ልጅ ያንን ጭቅጭቅ አላስነካም አለች። ልክ ነበረች፣ የፊልሙ ነፍስ እሱ ነው። ስለዚህ ጭቅጭቁን ሳይሆን የምናይበትን ቦታ ቀየርን። ክረምት ነው፣ ታክሲው ዝናብ ውስጥ ቆሟል፣ መስኮቱ በሰው ትንፋሽ ታፍኗል፣ ውስጥ ያለው ሰው አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። አንድ ባክግራውንድና ትንሽ የሚወዛወዝ መኪና፣ ሌላው ሁሉ ድምፅ። የመጀመሪያው ሐሳብ እንዳለ ቢሠራ ኖሮ ይህን ያህል ያስቅ ነበር ብዬ አላስብም። ይህ ሐሳብ የመጣው ከካልኩሌተርና ከአንድ ሰዓት ሙግት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስቶሪቦርድ በቆንጆ ሥዕል አትጀምሩ።

ይህን የምለው የእኛን ሰው ስለማውቀው ነው። ይሉኝታ አለብን። ጓደኛህ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ፣ ጥላ ሰጥቶ፣ ቀለም ቀብቶ ያመጣውን ሥዕል «ይሄ ሾት ለታሪኩ አያስፈልግም» ማለት ከባድ ነው። ሁሉም «ያምራል፣ በጣም ያምራል» ይላል፣ ሾቱም (ካሜራው ሳይቆረጥ የሚያሳየው አንዱ ቁራጭ) ይገባል፣ ከዚያ ፊልሙ ይንቀራፈፋል። በእስክሪብቶ ተሞነጫጭሮ፣ ጭንቅላቱ ክብ፣ እጁ እንጨት የሆነ ሥዕል ቢሆን ግን ማንም አያዝንለትም። ተነቅሎ ሲጣል የሚያመው ሰው የለም። በተለይ የግሩፑ ዝምተኛ ልጅ ይናገራል። እኛ ዘንድ ድምፅና ሙዚቃ የያዘው ልጅ መሳል አልችልም ብሎ ጥግ ይዞ ነበር የሚቀመጠው፣ ግን ያንን ሙንጭርጭር ሲያይ እስክሪብቶ አንስቶ «እዚህ ጋ ወያላው አፉን ከፍቶ ድምፅ ባይወጣስ? ሙዚቃውንም እዚያው ላይ ባቆመውስ?» ብሎ በራሱ እጅ ሣለው። የፊልሙ ምርጥ ሾት ያ ነው።

ስለዚህ ሕግ አወጣን። አንድ የስቶሪቦርድ ሥዕል ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። በብጫቂ ወረቀት ይሣላል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ያልተመቸው ሰው ያነሳዋል፣ ሲያነሳ ግን በምትኩ ሌላ መለጠፍ አለበት። «አልወደድኩትም» ብቻ ማለት አይቻልም።

ግድግዳ ላይ መለጠፉ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ዌብ ስሚዝ የሚባል ሰው ትዕይንቶቹን በተለያየ ወረቀት እየሣለ ሰሌዳ ላይ በመደርደር እንደጀመረው ይነገራል። ታሪክን በክፈፍ ከፋፍሎ በሥዕል መንገር ግን ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ የተሣለበትን ያንን ትልቅ ሸራ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ብዙውን ጊዜ በ44 ክፈፍ ነው የሚሣለው፣ ከሥዕሉ ጋር አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አለው። ሠዓሊው የትውልድ ታሪክ የሚያህለውን ነገር በ44 ሥዕል ሲጨርስ የቱን እንደያዘ፣ የቱን እንደተወ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ለስቶሪቦርድ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ያለ አይመስለኝም፤ እኛም አንድ ከሰዓት በኋላ ፎቶውን አስፍተን አይተነዋል።

ግድግዳው ሌላም ነገር አሳየን። ስቶሪቦርዱን ሁለት ልጆች ተካፍለውት ነበር፣ አንዱ የመጀመሪያውን ግማሽ፣ ሌላዋ ሁለተኛውን። ለየብቻ ሲታይ ሁለቱም ጥሩ ነው። ጎን ለጎን ሲለጠፍ ግን የመጀመሪያው ታክሲ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ የሁለተኛው ከቀኝ ወደ ግራ። እዚህ አገር መኪና መንገዱን በቀኝ ይዞ ስለሚሄድ የሚኒባስ በር በቀኝ ጎን ነው። ታክሲው ስክሪን ላይ ወደ ቀኝ ሲሄድ በሩና ወያላው ይታዩናል፤ ወደ ግራ ሲሄድ ግን የምናየው የሹፌሩን ጎን ነው፣ እዚያ ደግሞ ተንሸራታች በር የለም። ሁለተኛው ግማሽ ላይ በሌለበት ጎን በር ተሥሏል! ወያላ ያለ በር ደግሞ ምን ይሆናል? ወረቀት ላይ ስለነበር እዚያው ተቀምጠን አስተካከልነው። ባክግራውንዱ ቀለም ከተቀባ በኋላ ቢሆን ኖሮ የሳምንታት ሥራ ነበር የሚጣለው።

ካራክተር ዲዛይን ላይ ብዙ አልቆይም፤ ፊት ለፊት፣ ጎን፣ ጀርባ፣ የቁመት ንጽጽር፣ ይህ የትም ተጽፎ ይገኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ካራክተራችሁ በእጁ የሚሠራው ነገር ካለ ለእጁ ብቻ አንድ ገጽ ስጡት። ወያላ ብሩን እንዴት እንደሚይዝ ታውቃላችሁ፣ በርዝመቱ አጥፎ በጣቶቹ መሃል ይሰካዋል። አራታችንም በየጊዜው ያየነው ነገር ነው፣ ስንሥለው ግን አራት ዓይነት እጅ ወጣ። ታክሲ ተራ ሄደን አንድ ወያላ አስፈቅደን እጁን ፎቶ አነሳን፣ እሱም እየሳቀ አንድ በአንድ አሳየን። የቱ ብር የቱ ጣት መሃል እንደሚገባ አሁን የሚያሳይ ገጽ አለን።

ከዚያ አኒማቲክ። የስቶሪቦርዱን ሥዕሎች በስልክ ፎቶ አንስታችሁ፣ እያንዳንዱ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ወስናችሁ፣ ድምፅ አስገብታችሁ በቪዲዮ ታዩታላችሁ። ካፕካት የሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ አፕ ይበቃል። ወደ ኮምፒውተር ስትመጡ ክሪታም ብሌንደርም የሚባሉት የሥዕልና የአኒሜሽን ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። ድምፁን ራሳችሁ ቅዱት፣ በስልክ። እኛ «ወራጅ አለ!» የሚለውን ተራ በተራ እየጮኽን ቀዳነው። ሦስት ደቂቃ ይሆናል ያልነው ታሪክ ተቀድቶ ሲታይ አምስት ሊሞላ ደረሰ። አምስት ደቂቃ 3,600 ሥዕል ነው። ለአራት ተማሪ፣ በዚያ ላይ መብራት በሚሄድበት አገር፣ የማይሞከር ነው።

መቁረጡ ነው ከባዱ። ሁሉም የራሱን ሾት ይወዳል። እኛን የረዳን አኒማቲኩን ፊልሙን ፈጽሞ ለማያውቅ ሰው ማሳየት ነው፣ ለዶርም ጓደኛ፣ ለታናሽ እህት። ምንም አትጠይቋቸው፣ ፊታቸውን ብቻ ተመልከቱ። ስልካቸውን ያነሱበት ሰከንድ ላይ ምልክት አድርጉ። እዚያ ያለው ሾት ይወጣል። ይህን ማንም «አንተ ስለጠላኸኝ ነው» ብሎ ሊከራከርበት አይችልም።

ስለ ፋይል አጭር ምክር። ቴሌግራም ላይ ሥዕል ስትልኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ፣ በፎቶ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል። ስሙን ደግሞ «ፋይናል»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» እያላችሁ አትሰይሙ፤ የትዕይንት ቁጥር፣ የሾት ቁጥር፣ የቨርዥን ቁጥር፣ አለቀ። ስሙን የሚቆጣጠር አንድ ሰው ይኑር፣ ሥራው ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ ሰነፍ አትበሉት።

አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። በብዙ የተማሪ ፊልም መጨረሻ ላይ ጎልቶ የሚወጣው የአኒሜተሩ ስም ነው። ስቶሪቦርድ የሠራው ሰው ሥዕል ግን አንዱም ስክሪን ላይ አይታይም። የተጣለውም ያልተጣለውም ውስጥ ይቀራል። የሾት ዝርዝሩን የያዘችው፣ ለሙከራ የጮኸው፣ ፋይል ሲሰይም የከረመው፣ እነሱም እንዲሁ። ይህ ልክ አይደለም። እኛ ገና ስንጀምር ተነጋግረንበታል፦ የአራታችንም ስም በአንድ መጠን፣ በፊደል ተራ፣ ከፊት ለፊቱ የሠራው ሥራ በግልጽ ተጽፎ። ጽሑፉን ግሩፑ ላይ ፒን አድርገነዋል፣ አኒሜሽኑ ሰኞ ይጀመራል።