ሚጥሚጣ የለመደ አፍ ባንኮክ ሲደርስ

«በበርበሬ ያደግኩ ሰው ምን ይነካኛል?» የሚል ኢትዮጵያዊ ታይላንድ ውስጥ ቶሎ እጁን ይሰጣል። የእኛ በርበሬ በሽንኩርትና በዘይት በደንብ ተቁላልቶ፣ በእንጀራ ተጠቅሎ ነው የሚበላው። እዚያ ግን ፕሪክ ኪ ኑ የምትባለው ትንሽዬ ቃሪያ ጥሬዋን ተወቅጣ ወይ ተከትፋ ትገባለች። ምላስ ላይ ማቃጠልንና ሙቀትን የሚያውቀው ነርቭ ደግሞ አንድ ስለሆነ፣ እንደ ቶም ያም ያለ የሚፈላ ሾርባ እጥፍ ይፋጃል። በረድ እስኪል መታገስ ብቻውን ብዙ ያግዛል።

ዋናው ነገር የትኛው ምግብ እንደሚስተካከል ማወቅ ነው። ሶም ታም፣ ማለትም የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ፣ ፊት ለፊት በሙቀጫ ስለሚወቀጥ ቃሪያው ሳይገባ ይነገራል። «ፕሪክ ሜት ዲያው» ካሉ አንድ ፍሬ ብቻ ትገባለች፤ «ማይ ሳይ ፕሪክ» ካሉ ምንም አይገባም። ሙቀጫው ካለፈው ደንበኛ የተረፈ ቃሪያ ስለሚይዝ ግን ጨርሶ አልጫ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። «ማይ ፔት» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ለሻጯ «የማይፋጅ» ማለት ሁለት ፍሬ ሊሆን ይችላል።

አረንጓዴ ካሪ (በኮኮናት ወተት የሚሠራ ወጥ) ላይ ግን ልመና ዋጋ የለውም፤ ቃሪያው ከቅመሙ ጋር ቀድሞ ተወቅጧል። በምትኩ ማሳማን ካሪ (ለዘብ ያለ ወጥ)፣ ፓድ ሲ ኢው (በአኩሪ አተር ሶስ የተጠበሰ ኑድል) ወይም ካኦ ማን ካይ (ዶሮ በሩዝ) ይዘዙ። የካኦ ማን ካይ ማጥቀሻ ለብቻው ስለሚቀርብ መጠኑ በእጃችሁ ነው። የደቡቡን ኩዋ ክሊንግ፣ ደረቁን የሥጋ ጥብስ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ባትሞክሩት እመክራለሁ። ጠረጴዛ ላይ ያለውን ፕሪክ ናም ፕላ ስትጨምሩም የዓሣ ፈሳሹን ብቻ በማንኪያ ጠብ አድርጉ፤ የተከተፈው ቃሪያ ይቅር።

አፍ ከተቃጠለ ውኃ አትጠጡ፤ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፣ አፍ ውስጥ ይዞራል እንጂ። ቀዝቃዛ ወተት በየመንገዱ ካለው ሰቨን ኢለቨን ከሚባል ሱቅ ገዝታችሁ አፍ ውስጥ ጥቂት ያዙት፤ በወተቱ ያለው ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞ ይወርዳል። የኮኮናት ወተት ኬዚን የለውም። በጾም ቀን የሻይ ማንኪያ ስኳር ምላስ ላይ አሟሙቶ ነጭ ሩዝ ማስከተል ይሻላል።

በኢሳን፣ ማለትም በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ አካባቢ ካኦ ኒያው የሚባለው የሚጣበቅ ሩዝ በእጅ ነው የሚበላው፤ ለእኛ ደስ ይላል። ቃሪያ የነካ ጣት ግን ዓይን ዘንድ እንዳይደርስ፤ በውኃ ብቻ አይለቅም፣ በሳሙና ደጋግማችሁ ታጠቡ።