ከማሳ የወጣ ብረት ምንነቱ እንዴት ይታወቃል?

ከጎንደር ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ያለው የአጎቴ ማሳ በታረሰ ቁጥር ብረት አያጣም። ማረሻው የገለበጠውን ሁሉ አጎቴ በቆርቆሮ ያጠራቅማል፤ ምንድን ነው ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «የጣሊያን»። እኔ አንድ በአንድ ልለያቸው ተነሣሁ።

ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁትን ማግኔት አስጠጋሁና የተሳበውን ወደ አንድ ወገን፣ ያልተሳበውን ናስና መዳብ ወደ ሌላው አደረግሁ። አፈሩን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራገፍሁ። በአሸዋ የፈተገ ሰው ጽሑፉንም የአገልግሎት ምልክቱንም አብሮ ይፍቃል።

ከናሱ ወገን ቀለህ በዛ። የቀለህ ነገር ያለው ቂጡ ላይ ነው። አንዱ «936» የሚል ማኅተም ነበረው፤ ጣሊያኖች የዓመቱን የመጀመሪያ አሃዝ ይተዉ ስለነበር 1936 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። የአፉ ስፋት 6.5 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 52 መሆኑም ከጣሊያን ጠመንጃ ጥይት ጋር ይስማማል። የእንግሊዙ 7.7 ሚሊሜትር ግን ግርጌው ላይ ዙሪያውን ወጣ ያለ ከንፈር አለው። በኅዳር 1934 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ላይ ባለው ቁልቋል በር ሁለቱ ጦሮች ስለተዋጉ አብረው መገኘታቸው አይገርምም። ሰፋ ያለው 11 ሚሊሜትር ግን የውጅግራ ነው፤ ከአድዋ በፊት የመጣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ስለሆነ አጎቴ እዚህ ላይ ተረታ።

አንድ ማርትሬዛም (የድሮው የብር ገንዘብ) ተገኘ። «936»ን ያመንሁትን ያህል በላዩ ያለውን 1780 አላመንሁም፤ ብሩ ለረጅም ዘመን በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲታተም ኖሯል። 28 ግራም መመዘኑ ይበልጥ ይረዳል። በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስን ማሳወቅ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተደነገገ ስለሆነ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳየን።

ብዙ ያከራከረን ግን ትንሽ የብረት ቀለበት ነበር። አጎቴ ወገል ነው አለ፤ ድግር የሚባሉትን የማረሻ ጎንና ጎን እንጨቶች የሚይዘው ቀለበት ማለቱ ነው። የማረሻ ወገል ቢሆን ድግሩን የሚይዝበት ቦታ ይበላ ነበር፤ ይህ ግን የተበላው ጠፍር በሚንጠለጠልበት አናቱና በውስጥ ግርጌው ነው። እርካብ እንዳልል ጫማ አያስገባም። በመጨረሻ በወጣትነታቸው በበቅሎ ብዙ የተጓዙ አንድ ጎረቤታችንን ጠየቅን። አባ ምንም ሳይናገሩ ጫማቸውን አውልቀው አውራ ጣታቸውን አስገቡበት። የዱሮ እርካብ ለባዶ እግር ፈረሰኛ እንጂ ለባለ ጫማ አልተሠራም። መጽሐፍ ከማገላበጥ ይልቅ ዕቃውን የተጠቀመበትን ሰው መጠየቅ እንዴት ይሻላል!

ባለ ክንፍ የሞርታር ጥይት የሚመስለውን ነገር ግን ማግኔትም አላስጠጋሁበት። ዝገት ፈንጂን አያከሽፍም። ከሩቅ በድንጋይ ምልክት አድርገን ለፖሊስ ተናገርን። መጥተው እስኪያነሱት ድረስ ያ ጥግ ሳይታረስ ቆየ፤ አጎቴ ጤፉ ዘገየብኝ እያለ አሁንም ያጉረመርማል።