የደሴ ውርጭና ደጅ የምታድረው መኪናዬ

ደሴ ላይ ውርጭ የሚወርደው ዝናብና ጭጋግ በሚበዛበት በክረምት ሳይሆን ሰማዩ ጥርት ብሎ በሚያድርበት በበጋ፣ በተለይም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ይህን የማያውቅ የከተማችን ሰው ባይኖርም፣ ስለ ውርጭ ስናወራ የምናነሳው ባቄላውንና ምስሩን እንጂ ደጅ የሚያድረውን መኪና አይደለም። እኔም ብሆን በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አንድ ማለዳ እስኪደርስብኝ ድረስ የመኪና በር በውርጭ ተጣብቆ ሊቀር እንደሚችል በቁም ነገር አስቤ አላውቅም ነበር።

ያን ቀን እህቴን ለጠዋት በረራ ወደ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ላደርሳት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሻንጣዋን ይዘን ወጣን። ለመንገዱ ብዬ መኪናዋን በዋዜማው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግቢ ውስጥ በጎማ ውሃ አጥቤያታለሁ። ጣሪያዋና መስታወቶቿ ነጭ አመዳይ ለብሰው አድረዋል፤ ቁልፉን ሳስገባው ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ፣ ገፋ አድርጌ ስጠመዝዘው ደግሞ ተሰብሮ ግማሹ እጄ ላይ ቀረ። እህቴ በጎረቤታችን ሚኒባስ ለጥቂት ደረሰች። ስባሪውን በማግስቱ ያወጡልኝ ቁልፍ ሠሪ አዛውንት የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጄ፣ ማታ አጥበሃት ነበር እንዴ? ውሃው እኮ ውስጡ ነው ያደረው» አሉኝ።

እውነትም ነገሩ ሁሉ ውሃው ላይ ነው። በመቆለፊያው ውስጥ በቀጫጭን ሞላዎች የሚገፉ ትናንሽ ስስ ብረቶች አሉ፤ ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ እነዚህ ስስ ብረቶች እኩል ሆነው ካልተሰለፉ መቆለፊያው አይዞርም። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በስስ ብረቶቹ መካከል ያደረች አንዲት ጠብታ እንኳ ቦታቸው ላይ ልትቸነክራቸው ትችላለች። የበሩ ዳር ጎማም እንዲሁ ነው፤ በጎማውና በብረቱ መካከል የቀረው ስስ ውሃ ሲረጋ እንደ ማስቲሽ ያጣብቃቸዋል።

አንዳንድ ሰዎች የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በላይ እያለ በረዶ ከየት ይመጣል ብለው ይከራከራሉ። ደመና በሌለበትና ነፋስ በማይነፍስበት ሌሊት የመኪናው ብረት ሙቀቱን ወደ ጥርቱ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ አየሩ 2 ወይም 3 ዲግሪ እያለም የመኪናው ጣሪያ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ከበረንዳ ወይም ከትልቅ ዛፍ ሥር ያደረች መኪና አመዳይ ሳይነካት፣ አጠገቧ ሜዳ ላይ ያደረችው ነጭ ሆና የምትገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከጦሳ ተራራና ከአዝዋ ገደል ተዳፋት እየተንሸራተተ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከተዳፋቱ ይልቅ እረባዳው ላይ የሚያድር መኪና የበለጠ ይጎዳል።

የኮምቦልቻ አሽከርካሪዎችን በተለይ ላሳስብ እወዳለሁ። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በከፍታ ግን 600 ሜትር ያህል ይለያያሉ፤ ከሰዓት በኋላ በሞቃቱ ኮምቦልቻ ላቫጆ ገብታ የታጠበች መኪና የሀረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ስታድር፣ ውጪዋ ደርቆ ውስጧ ግን ገና እርጥብ ነው። ወደ ጉጉፍቱና ወደ ወረኢሉ ደጋ የሚሻገሩ ደግሞ ከደሴም የባሰ ብርድ ይጠብቃቸዋል።

እኔ አሁን በእነዚህ ወራት መኪና የማጥበው ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የቀን ፀሐይ ለማድረቅ ይበቃል። ከማጠቤ በፊት የቁልፉን ቀዳዳ በፕላስተር እሸፍናለሁ፣ ከታጠበች በኋላም አራቱንም በሮች ከፍቼ ጎማቸውንና ጎማው የሚያርፍበትን ብረት በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ጎማው ላይ ከፋርማሲ የሚገዛውን ለቆዳ የምንቀባውን ግሊሰሪን በስሱ እቀባዋለሁ፤ ውሃው ጎማውን ከብረቱ ጋር እንዳያጣብቀው ያደርጋል። የሲሊኮን ቅባት ከተገኘ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ይመረጣል። ቫዝሊን ግን ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ በመሆኑ ጎማን እያሳበጠና እያላላ ሊያበላሽ ስለሚችል አልመክርም።

ለመቆለፊያው የሚስማማው ደረቅ ማለስለሻ ማለትም የግራፋይት ዱቄት ነው፤ እሱ ከጠፋ ለስላሳ የመጻፊያ እርሳስ ቁልፉ ላይ ደጋግሞ አሽቶ ቁልፉን ማስገባትና ማውጣት ይረዳል። የሞተር ዘይትና ግሪስ ማስገባት የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይመስለኝም፤ በብርድ ይወፍራሉ፣ የበጋውን አቧራ ሰብስበውም ጭቃ ይሆናሉ። በሪሞት ብቻ የሚከፍቱ ሰዎችም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ በሩን በቁልፍ ቢከፍቱ መልካም ነው። ባትሪ በብርድ ይደክማል፤ ሪሞቱ ዝም ባለ ማለዳ፣ ለዓመታት ቁልፍ ያልገባበት መቆለፊያ እሺ አይልም።

ይህ ሁሉ ሳይደረግ ቀርቶ በሩ ተጣብቆ ከተገኘ በመጀመሪያ ሌሎቹን በሮች መሞከር ይገባል፤ በግድግዳ በኩል ያለው በር ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ቁልፉ ገብቶ እየዞረ በሩ ብቻ እንቢ ካለ፣ የተጣበቀው ጎማው ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ እጀታውን መጎተት እጀታውን ወይም ጎማውን ይገነጥላል፤ ይልቁንስ በሩን በመዳፍና በትከሻ ዙሪያውን ወደ ውስጥ ደጋግሞ መጫን በረዶውን ይሰብረዋል። ቁልፉ አልገባ ካለ ደግሞ አልኮል ፈጥኖ ይደርሳል። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል በእኛ አገር ብርድ አይረጋም፤ መርፌው በወለቀ ስሪንጅ ጥቂት ወደ ቀዳዳው ጨምሮ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅና ቁልፉን ሳይታገሉ ማስገባት ነው። በኮሮና ጊዜ ከተገዛው ሳኒታይዘር የተረፈ ካለ እሱም ቁልፉ ላይ ተቀብቶ ያገለግላል። አልኮሉ ማለስለሻውንም ስለሚያጥበው፣ ቀን ላይ ግራፋይቱን መመለስ ያስፈልጋል። ቁልፉን በላይተር ማሞቅ የሚቻለው ሙሉ በሙሉ ብረት ከሆነ ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱ ፕላስቲክ ሆኖ ውስጡ ቺፕ ያለበት ቁልፍ እሳት ሊነካው አይገባም።

የፈላ ውሃ የሚያፈሱ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በሩ ለጊዜው ይከፈት ይሆናል፣ ነገር ግን የቀዘቀዘው መስታወት በድንገተኛ ሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ውሃውም ወደ መቆለፊያው ገብቶ ለቀጣዩ ሌሊት በረዶ ይሆናል። በቀዳዳው እፍ ማለትም የትንፋሽን እርጥበት መጨመር ነው። ጋዜጣ ወይም ከሰል አንድዶ ማስጠጋት ደግሞ ነዳጅ ከያዘ ነገር አጠገብ ፈጽሞ የሚሞከር አይደለም።

ሚኒሶታ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው፣ እነሱ ዘንድ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ፈሳሽ በትንሽ ጠርሙስ እንደሚሸጥ ነገረኝና፣ «ወንድሜ፣ መኪናው ውስጥ እንዳታስቀምጠው፤ በሩ ሲዘጋብህ ምን ታደርገዋለህ?» አለኝ። እኔም አልኮሉንና ስሪንጁን የሰቀልኩት ከቤቴ በር ኋላ፣ ጋቢዬ ከሚንጠለጠልበት ሚስማር አጠገብ ነው።