ሁለት ሰው ያልኩት ግሩፕ 14 ሆኖ ተገኘ

ኮድ ሪቪው (አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው ማየት) የምናደርገው ጌሪት በሚባል ሶፍትዌር ነው። በሱ ላይ መብት የሚሰጠው በግሩፕ ነው። ሐሙስ ከሰዓት አለቃዬ መጣና «ሰብሚት ማድረግ (የታየውን ኮድ ወደ ዋናው ማስገባት) የሚችለው ማን ማን ነው? ሰኞ ዝርዝሩን እፈልጋለሁ» አለኝ። ከድረ ገጹ አንድ በአንድ መቅዳት ጀመርኩ። ሦስተኛው ግሩፕ ላይ ሰለቸኝ።

ጌሪት በኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በምስጢር መገናኛ) ትእዛዝ ይቀበላል፤ ፖርቱ 29418 ነው። «ኤልኤስ-ግሩፕስ» ግሩፖቹን ይዘረዝራል። «ኤልኤስ-ሜምበርስ» የአንዱን ግሩፕ አባላት ያወጣል፤ መለያ ቁጥር፣ የተጠቃሚ ስም፣ ሙሉ ስምና ኢሜይል በታብ ተለያይተው ይመጣሉ። ሁለቱን ለእያንዳንዱ ግሩፕ በሚደጋግም የባሽ ስክሪፕት አገናኘኋቸው። አሥር መስመር አይሞላም።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ በግሩፕ ስም ውስጥ ያለ ክፍተት ነው። ሁለት ቃል ያለውን ስም በጥቅስ ውስጥ ባስቀምጠውም ጥቅሱን የራሴ ሼል (ትእዛዝ የምጽፍበት ፕሮግራም) ይበላዋል፤ ሰርቨሩ ጋ ሁለት የተለያዩ ቃላት ሆኖ ይደርሳል። በጥቅሱ ውስጥ ሌላ ጥቅስ ስጨምር ሰራ።

ዓርብ ማታ ዝርዝሩን ለሥራ ባልደረባዬ አሳየኋት። የሪሊዝ ግሩፑ ሁለት ሰው ብቻ ነበረው። «እኔስ? ትናንት ሰብሚት አድርጌ የለ እንዴ?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ለካ በግሩፑ ውስጥ ሌሎች ግሩፖች ተካተዋል፤ ትእዛዙ ደግሞ «ሪከርሲቭ» ካልተባለ በቀጥታ የገቡትን ብቻ ነው የሚያሳየው። አንዷን ቃል ጨመርኩ። ሁለቱ ሰዎች 14 ሆኑ። አንዱ መስከረም ላይ ሥራ የለቀቀ ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁሉንም አካውንት ማየት አማረኝ፤ ለዚህ የሬስት ኤፒአዩ (ፕሮግራሞች በድር አድራሻ መረጃ የሚጠይቁበት መንገድ) ይሻላል። ግን መልሱን ለፓይተን ስሰጠው ጄሰን (መረጃ የሚጻፍበት የተለመደ ቅርጸት) አይደለም አለኝ። የመጀመሪያው መስመር ላይ )]}' የሚል ነገር አለ። ብልሽት መስሎኝ ስንት ሰዓት አቃጠልኩ! ሌላ ድረ ገጽ መልሱን እንደ ስክሪፕት እንዳያስኬደው ሆን ተብሎ የገባ ነው። ያንን መስመር ቆርጦ መጣል ነው። ዝርዝሩም ገደብ አለው። የመጨረሻው ሰው ላይ «ሞር አካውንትስ» የሚል ምልክት ካለ ገና አላለቀም፤ ከቆመበት ጀምሮ እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ስክሪፕት አይፈታውም። «ሬጂስተርድ ዩዘርስ» የሚባለው ግሩፕ አባላቱ አይዘረዘሩም፤ ሎግ ኢን ያደረገ ሁሉ አባል ነው። መብት የተሰጠው ለሱ ከሆነ የሰው ስም መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ወረቀቱን ገና ሲያየው «ይሄ ልጅ አልለቀቀም እንዴ?» አለ። አካውንቱን ቡና ሳልጠጣ ዘግቼው ነበር።