ከረጢቱ ጨለመ፣ ቢከሩ አበራ

ካርቦን ዶቴ (ዩቪ ሲያርፍበት የሚያበራው የካርቦን ናኖ ቅንጣት) በመጨረሻ የማላፍርበት ቁጥር ሰጠኝ፦ ኳንተም ዪልድ፣ ማለትም ከዋጠው ብርሃን መልሶ የሚያበራው ድርሻ፣ 11 በመቶ። ከሦስት ወር በፊት «60 ገባሁ» ብዬ የፎከርኩባችሁ እኔው ነኝ፤ ያንን እርሱት።

አሠራሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሲትሪክ አሲድና ኤቲሊንዳያሚን በውሃ አሟሙቶ፣ አውቶክሌቭ (ግፊት የሚችል ዝግ ዕቃ) ውስጥ 200 ዲግሪ ላይ 5 ሰዓት። ሁለቴ መሃል ላይ መብራት ሄዶብኛል፤ እሱን ባላነሳው ይሻላል። የሚወጣው ቀጭን ሻይ የመሰለ ፈሳሽ ነው፤ ዩቪ ሲያበሩበት ግን ቦግ ያለ ሰማያዊ።

ያሰቃየኝ ዳያሊሲሱ ነው፤ ትንንሹን ሞለኪውል በከረጢት አሾልኮ ትልቁን የሚያስቀረው ማጥሪያ። የ1000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ፤ ከዚያ በታች ያለውን የሚያሾልክ) ከረጢት ሞልቼ፣ አፉን አስሬ፣ ቢከር ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ዩቪ ሳበራ ከረጢቱን ትቶ የቢከሩ ውሃ ያበራል። ተቀዶ ነው ብዬ ከረጢት ቀየርኩ፤ ያው ነው። ውሃ እየለወጥኩ ሦስት ቀን ሰነበትኩ። በመጨረሻ ውጪው ሲጨልም ውስጥ የቀረውም ደብዝዞ አገኘሁት።

ለካ እነዚህ ሁለት ኬሚካሎች ናኖ ቅንጣት ብቻ አይወልዱም። አይፒሲኤ የሚባል፣ በራሱ አጥብቆ ሰማያዊ የሚያበራ ትንሽ ሞለኪውልም አብሮ ይወጣል። ክብደቱ 180 ዳልተን ነው፤ ለሱ ያ ከረጢት እንደ ወንፊት ነው። የፎከርኩበት 60 አብዛኛው የሱ ነበር። የሚያስቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ካርቦን ዶት የተገኘው ናኖቱቦ ከጥላሸት ሲያጠሩ በአጋጣሚ ነው፤ ለነሱ ሲያጠሩ በራ፣ ለኔ ሲጠራ ጠፋ።

ከእንግዲህ «ዳያሊሲስ ተደርጓል» ብሎ ስንት ሰዓት፣ በስንት ዳልተን የማይል ጽሑፍ አላምንም። የቢከሩን ውሃ አደራ አትድፉት፤ ስፔክትረሙን (በየሞገድ ርዝመቱ የሚያበራውን መጠን) አንሱና ከከረጢቱ ውስጥ ካለው ጋር አስተያዩ። አንድ ዓይነት ከሆነ አልጨረሳችሁም።

ይህን የምመክረው እኔ ግን፣ ዶቱ ብረት ሲገባበት ምን ያህል እንደሚደበዝዝ የሚያሳየውን የብረት መለኪያ ግራፍ የሠራሁት ባልጠራው ናሙና ነው። መስመሩ ሲያምር! ግን ፌሪክ አየን (የምለካው ብረት) ራሱ በ350 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይውጣል፤ ደበዘዘ ያልኩት ከፊሉ ዶቱ ጋ ሳይደርስ የተበላ የመብራቱ ብርሃን ሳይሆን አይቀርም። እርማቱን ገና አልሠራሁም።

በዶቱ አብርቼ ያነሳሁት የሄላ ሴል (በላብራቶሪ የሚራባ የካንሰር ሕዋስ) ፎቶም እንዲሁ ነው። ያበራው ቅንጣቱ ይሁን ሞለኪውሉ መለየት አልችልም፤ ለአማካሪዬም ነግሬያለሁ። ፎቶው ግን ከስልኬ ስክሪን ላይ አልወረደም።