ደህና የነበረው እግር
ዛሬ በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት ከነበረ ጎልማሳ ጋር ብዙ አወራን። አንድ እግሩ ቀጭን ነው፤ ከሌላውም ያጥራል። እሱንስ ለምዶታል። አሁን ያስጨነቀው ሌላ ነው፦ ደህና የነበረው እግሩ መድከም ጀምሯል። ደረጃ መውጣት አቅቶታል። ቫይረሱ ተመልሶበት አይደለም። ያኔ የተረፉት ነርቮች የሞቱትን ሥራ ደርበው ሲሠሩ ኖረው፣ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ይዝላሉ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ልምሻ አንዴ ጎድቶ የሚያበቃ ይመስለዋል።

ቫይረሱ ከሚይዛቸው 200 ሰዎች አንዱ ገደማ ሽባ ይሆናል። አብዛኞቹ ምልክት እንኳን አያሳዩም፤ ግን በሰገራ ያስተላልፋሉ። ስጋቱም እዚህ ላይ ነው። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። አንዴ ብቻ መከተብ አይበቃም፣ መደጋገም አለበት። እባካችሁ የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩት። የቀረ ዙር ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዷቸው።