የሳይክል መስመር ሲመጣ ሰፈሩ ለምን ይጣላል?

ጠባብና ግርግር ሚበዛበት መንገድ ላይ የሳይክል መስመር ሊሰራ ነው የሚል ወሬ ከተሰማ ሰፈሩ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ "ለሰው ህይወት ግድ የላችሁም" ይላል ሌላው "ከገበያ ልታስወጡን ነው" ይላል፣ ከዛ በኋላ ማንም ማንንም አይሰማም። እኔ ሳይክል ምነዳ ሰው ነኝ፣ መስመሩም እንዲሰራ ነው ምፈልገው። ግን ተቃዋሚዎቹ ሚሉትን ቁጭ ብዬ ስሰማ ስለ ሳይክል ሚያወሩት ትንሽ ነው፣ ንግግሩ ዞሮ ዞሮ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው ሚያርፈው። ይሄን ደግሞ በግልጽ አውጥቶ ሚናገር የለም፣ እቅዱን ይዘው ሚመጡት ባለሙያዎች ራሱ አይናገሩትም።

እስቲ ሜትሩን እናስላው። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 10 ሜትር የሆነ መንገድ ውሰዱ፣ ለመሄጃ 3 ሜትር፣ ለመመለሻ 3 ሜትር፣ በግራና በቀኝ የቆሙት መኪኖች ደግሞ በየጎናቸው 2 ሜትር ይይዛሉ፣ በቃ 10 ሜትሩ አለቀ። ለሳይክል በየአቅጣጫው ቢያንስ 1.5 ሜትር ያስፈልጋል፣ ሁለቱ 3 ሜትር። ከየት ይምጣ? አውቶብስ ሚያልፍበት ከሆነ የመኪናውን መስመር ማጥበብ አይሆንም ምክንያቱም የአውቶብሱ ወርድ ብቻውን መስታወቱ ሳይቆጠር ወደ 2.5 ሜትር ነው። ያንዱን ጎን ፓርኪንግ ብታነሱ ምታገኙት 2 ሜትር ነው፣ አሁንም 1 ሜትር ይጎድላል። ስለዚ ወይ የሁለቱም ጎን ፓርኪንግ ይነሳል፣ ወይ መንገዱ ለመኪና ባንድ አቅጣጫ ብቻ ይሆንና የሁለቱም ጎን ፓርኪንግ ይተርፋል፣ ወይ ደግሞ የመኪናው ብዛትም ፍጥነቱም በደንብ ተቀንሶ ሁሉም አንድ መስመር ላይ አብሮ ይሄዳል። እያንዳንዱ ምርጫ ሚያስከፍለው ሰው አለ፣ እና ያ ሰው ስብሰባው ላይ ተቀምጦ እያለ "ሁሉም ተጠቃሚ ይሆናል" ሲባል መስማቱ ነው ሚያናድደው።

ከሁሉም በላይ እኔን ሚያስፈራኝ ግን ማስታረቂያ ተብሎ ሚመጣው ነገር ነው። ፓርኪንጉ እንዳለ ይቀመጥ፣ በቆሙት መኪኖችና በሚሄዱት መሃል ነጭ ቀለም ይሰመር ይባላል፣ ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ያገኘ መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመኪና በር ሲከፈት ወደ 1 ሜትር ይወጣል እኮ! ከ1.5 ሜትሩ ለሳይክለኛው ሚተርፈው ግማሽ ሜትር ነው፣ በግራው ደግሞ ጭነት መኪና ያልፋል። ቀለም ማንንም አያቆምም፣ መስመሩ ራሱ ሰውየውን በሩ ሚከፈትበት ቦታ ላይ ወስዶ ያስቀምጠዋል። እንደዚ አይነት መስመር ከሚሰራ ባይሰራ ይሻላል ብዬ ነው ማምነው፣ ሳይክል ሚነዱ ጓደኞቼ በዚ ቢቆጡኝም።

ወደ ነጋዴዎቹ ልምጣ። ፓርኪንግ ከተነሳ ደንበኛ ይጠፋል ይላሉ፣ ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው፣ ኪራይ ሚከፍል ሰው ለሙከራ ብሎ ሁለት መጥፎ ወር ማሳለፍ ላይችል ይችላል። ግን ደንበኛው በምን እንደሚመጣ ሲገመት በመኪና ሚመጣው ከልክ በላይ ይገመታል። እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ በተደረገ ጥናት ባለሱቆቹ ከደንበኞቻቸው 41 በመቶ በመኪና ይመጣል ብለው ሲገምቱ ደንበኞቹ ሲጠየቁ 22 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሚያናግርህ፣ ፓርኪንግ አጣሁ ብሎ ሚያማርርህ ባለመኪናው ነው፣ በእግሩ መጥቶ ገዝቶ ሚሄደው ዝም ብሎ ስለሚሄድ አይታወስም፣ እኔ እንደዛ ነው ሚመስለኝ። ስለዚ ከመጨቃጨቅ በፊት በር ላይ ቆሞ ደንበኛውን በምን መጣህ ብሎ መጠየቅ ነው፣ ይሄን ደግሞ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ቢሰሩት ይሻላል፣ ከኛ ከመጣ አያምኑትም።

"ማንም ሳይክል አይነዳም እኮ፣ ለማን ነው?" ሚለውም አለ። ስፔን ውስጥ ሴቪያ ከተማ ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ ባጭር ጊዜ ወደ 80 ኪሎሜትር ሚሆን የተለየ የሳይክል መንገድ ሲሰራ በሳይክል ሚደረገው ጉዞ ከ1 በመቶ በታች ከነበረበት ወደ 6 በመቶ አካባቢ ደረሰ። ግን አንድ መንገድ ብቻ ተሰርቶ አይደለም፣ እርስ በርሱ ተያይዞ ነው። መሃል ላይ ተቆርጦ ሚቀር መስመር ሰርቶ ሰው አልመጣም ማለት ተገቢ አይደለም።

"ከኋላ ባለው መንገድ ይሂዱ" ሚለውን ሃሳብ በፊት ሰምቼ አልፈው ነበር፣ አሁን አላልፈውም፣ እውነት ቀጥ ብሎ ሚሄድ፣ መብራት ያለው፣ ማታ ሴት ልጅ ሳትፈራ ምትነዳበት ከሆነ ጥሩ ነው። ችግሩ ሱቁም ክሊኒኩም ትምህርት ቤቱም ያሉት ዋናው መንገድ ላይ ስለሆነ ሰው መጨረሻ ላይ እዛው መግባቱ አይቀርም።

እና ሙሉ በሙሉ ትክክል የሆኑ ተቃዋሚዎችም አሉ። በዊልቼር ሚሄድ ሰው ከመኪና ሚወርድበት ቦታ በር አጠገብ ያስፈልገዋል፣ ጥግ ዞሮ 200 ሜትር ይምጣ ማለት አትምጣ ማለት ነው። እቃ ሚያወርድ መኪና ቦታ ካልተሰጠው ሳይክል መስመሩ ላይ ነው ሚቆመው፣ ያኔ ለሳይክለኛውም ሊጠቅም የተሰራው ነገር መሰናክል ይሆናል፣ ስለዚ ጠዋት ለጭነት ሚፈቀድ ሰዓትና ቦታ ከመጀመሪያው ዲዛይኑ ውስጥ ይግባ። አውቶብስ ፌርማታ ላይ ደግሞ ሚወርዱት ሰዎች ቀጥታ ሳይክል መንገዱ ላይ እንዳይረግጡ መጠበቂያ ያስፈልጋል፣ በተለይ ለአይነስውራን፣ ሳይክል ድምፅ የለውምና። አምቡላንስና እሳት አደጋም እንደዛው፣ የሳይክሉን መስመር ከመኪናው ሚለየው ነገር ጎማ ሊወጣው በሚችል ዝቅ ያለ ጠርዝ ከተሰራ ያልፋሉ፣ ረጅም ብሎኬት ከተደረደረ ግን ስጋቱ ትክክል ነው።

ሙከራ ይደረግ ሚባለው ለኔ ጥሩ ነው ግን ህጉ ቀድሞ ይጻፍ። ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ ቡራርድ ድልድይ ላይ በ1996 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለስድስት ወር የታሰበው የሳይክል መስመር ሙከራ በጩኸት ብዛት በአንድ ሳምንት ቆመ፣ በ2009 እንደገና ተሞክሮ እስካሁን አለ። ቶሮንቶ ደግሞ ጃርቪስ መንገድ ላይ በ2010 የተሰራው በ2012 ተነሳ። እዛው ቶሮንቶ ብሉር መንገድ ላይ ያለው በ2016 በሙከራ ተጀምሮ በ2017 ቋሚ ይሁን ተባለ፣ ግን በ2024 የክፍለ ሀገሩ መንግስት እንዲነሳ ህግ አወጣ፣ በ2025 ፍርድ ቤት ማንሳቱ ህገ መንግስቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ፣ ጉዳዩም ወደ ይግባኝ ሄደ። ይሄ ሁሉ ሲሆን መንገዱ ዳር ሚኖረው ሰው ነገ ምን እንደሚሆን አያውቅም።

ስለዚ እኔ ምጠይቀው ይሄ ነው፣ ቀለሙ ከመሰመሩ በፊት ምን እንደሚለካ ይጻፍ፣ አደጋ፣ የሱቅ ሽያጭ፣ የአውቶብስ መዘግየት፣ ሚያልፈው ሳይክል ብዛት፣ ማን እንደሚለካው፣ ለስንት ወር እንደሚቆይ። ከተቃዋሚዎቹም አንድ ሁለት ሰው ቆጠራው ውስጥ ይግቡ። ውጤቱ ሰፈሩን ጎድቶ ከተገኘ እንዲነሳ ሚጠይቀው ወረቀት ላይ እኔም እፈርማለሁ፣ ካልጎዳ ደግሞ እነሱ እንዲቆይ ይፈርሙ።